ማስታገሻው ሳያስታግስ ሲቀር

በካንሰር፣ በከፍተኛ የልብ ወይም የኩላሊት ድካም፣ አለዚያም ነርቭን በሚጎዳ የቆየ በሽታ የሚሠቃይ ሰው የታዘዘለትን ማስታገሻ እየወሰደ ሕመሙ ካልታገሠለት፣ ቤተሰቡ ከሁለት ነገር አንዱን ይገምታል፤ ወይ በሽታው ከመድኃኒት አቅም በላይ ሆኗል፣ ወይ ሕመምተኛው መቻል አቅቶታል። ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ግምቶች ስሕተት ናቸው። ያልታገሠ ሕመም በአመዛኙ ሊታወቅ የሚችል ምክንያት አለው፤ መጠኑ አንሷል፣ ሰዓቱ ተዛብቷል፣ መድኃኒቱ ለሕመሙ ዓይነት አልተስማማም፣ ወይም በሰውነት ውስጥ አዲስ ነገር ተፈጥሯል። እያንዳንዱ ምክንያት የየራሱ መፍትሔ ስላለው ርዳታ ማግኘት የሚጀምረው ምክንያቱን ከመለየት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 እ.ኤ.አ. ለካንሰር ሕመም ሦስት እርከን ያለው የሕክምና መመሪያ አወጣ። በመጀመሪያው እርከን ላይ ፓራሲታሞልና እንደ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ያሉ መድኃኒቶች፣ በሁለተኛው ኮዴይንና መሰሎቹ፣ በሦስተኛው ሞርፊን ይገኛሉ። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የድርጅቱ መመሪያ ደግሞ እርከኖቹን እንደ ግዴታ ሳይሆን እንደ ጠቅላላ መምሪያ ብቻ ያያቸዋል፤ ሕመሙ ገና ሲጀምር የከፋ ከሆነ ታችኛውን እርከን ሳይጠብቁ ጠንካራውን መድኃኒት መጀመር ይቻላል። ሳይለወጡ የቆዩት መርሖዎች ግን አራት ናቸው፤ መድኃኒቱ በተቻለ መጠን በአፍ ይሰጥ፣ በሰዓቱ ይሰጥ፣ ለእያንዳንዱ ሰው እንደ ሁኔታው ይመጠን፣ ለጥቃቅን ነገሮች ጥንቃቄ ይደረግ። ማስታገሻ አልሠራም በሚባልበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከነዚህ አንዱ ተጓድሎ ይገኛል።

የሰዓትና የመጠን ጉዳይ

ፈሳሽ ሞርፊን ወይም ተራው የሞርፊን ክኒን የሚሠራው ለአራት ሰዓት ያህል ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ ሲወሰድ በመካከል መድኃኒት የሌለባቸው ረጅም ሰዓታት ይኖራሉ፤ ሕመሙም በእነዚህ ሰዓታት ተመልሶ ይነሣል። «ሲብስብኝ እወስዳለሁ» ብሎ መጠበቅም ተመሳሳይ ችግር ያመጣል። አንዴ የገነፈለ ሕመምን ለማብረድ ቀድሞ ለመከላከል ከሚያስፈልገው የበለጠ መድኃኒት ያስፈልጋልና። ስለዚህ የማያቋርጥ ሕመም ያለበት ሰው መድኃኒቱን የሚወስደው ሕመም ስለተሰማው ሳይሆን ሰዓቱ ስለደረሰ ነው።

ከመደበኛው ሰዓት ውጭ የሚነሣ ድንገተኛ ሕመም ለብቻው ይታሰብለታል። ሐኪሙ ከመደበኛው መጠን ጋር የመጠባበቂያ መጠን ያዝዛል፤ ይህም በተለምዶ በ24 ሰዓት ውስጥ ከሚወሰደው ጠቅላላ መጠን አንድ ስድስተኛ አካባቢ ነው። ለምሳሌ በየአራት ሰዓቱ 10 ሚሊግራም የሚወስድ ሰው በቀን 60 ሚሊግራም ይወስዳል፤ መጠባበቂያውም 10 ሚሊግራም ይሆናል። ሕመምተኛው መጠባበቂያውን በየቀኑ ደጋግሞ የሚወስድ ከሆነ መደበኛው መጠን አንሷል ማለት ነውና ሐኪሙ እንደገና ሊያሰላው ይገባል። መጠባበቂያ ያልታዘዘለት ሰው ግን ሌሊት ሕመም ሲቀሰቀስበት እስከ ንጋት ከመታገሥ ሌላ አማራጭ የለውም። ማስታገሻ በታዘዘ ቁጥር «በመሐል ቢብስስ ምን ይውሰድ?» ብሎ መጠየቅ የአስታማሚው ድርሻ ነው።

ቀስ ብለው እንዲሟሟ ተደርገው የሚሠሩ፣ ለ12 ሰዓት የሚያገለግሉ የሞርፊን ክኒኖችም አሉ። እነዚህን መውቀጥ፣ መስበር ወይም ማኘክ አደገኛ ነው፤ ለግማሽ ቀን የታሰበው መድኃኒት በአንድ ጊዜ ወደ ደም ይገባል። መዋጥ ያቃተው ሕመምተኛ ቢኖር ክኒኑን ቤት ውስጥ ከመፍጨት ይልቅ ወደ ፈሳሽ ወይም ከቆዳ ሥር ወደሚሰጥ መርፌ እንዲለወጥ መጠየቅ ይገባል። ከዋጠ ብዙም ሳይቆይ የሚያስመልሰው ሰው ደግሞ መድኃኒቱን አላገኘም ማለት ነው፤ መጀመሪያ ማስመለሱ መታከም አለበት።

የሕመሙ ዓይነት

ሁሉም ሕመም በአንድ መድኃኒት አይታገሥም። ከአጥንት የሚነሣው ጠዝጣዥና በእንቅስቃሴ የሚብስ ነው፤ ከሆድ ዕቃ የሚነሣው ቁርጠት ወይም ጭንቅ የሚል፣ ቦታውን በጣት ለማሳየት የሚያስቸግር ሕመም ነው። ነርቭ ሲጎዳ ደግሞ ያቃጥላል፣ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል፣ ይደነዝዛል፤ አንዳንዴ ልብስ ሲነካው እንኳ ያማል። የነርቭ ሕመም ለሞርፊን ብቻውን ብዙ ጊዜ በቂ መልስ አይሰጥም። በዚህ ጊዜ አሚትሪፕቲሊን ወይም ጋባፔንቲን ይጨመራል። አሚትሪፕቲሊን በዋነኛነት ለድብርት የሚታወቅ መድኃኒት ስለሆነ፣ ምክንያቱ ያልተነገረው ሕመምተኛ «ሐኪሙ አእምሮዬን ነው የጠረጠረው» ብሎ ሊተወው ይችላል። እነዚህ መድኃኒቶች ውጤታቸው የሚታየው ከቀናት እስከ ሳምንታት ቆይቶ መሆኑም አስቀድሞ መነገር አለበት። ዕጢ ነርቭን ወይም የጉበትን ሽፋን ሲጫንም ዴክሳሜታሶን እብጠቱን ቀንሶ ሕመሙን ሊያቀልል ይችላል።

የሰውነት ልዩነት

ኮዴይንና ትራማዶል በሙሉ ኃይላቸው የሚሠሩት ጉበት ውስጥ ባለ አንድ ኢንዛይም ከተለወጡ በኋላ ነው። ይህ ኢንዛይም በትውልድ ደካማ የሆነባቸው ሰዎች ከመድኃኒቱ ብዙም እፎይታ አያገኙም። በሌላ በኩል ከመጠን በላይ ፈጣን የሆነባቸው ሰዎች መድኃኒቱ በአጭር ጊዜ ውስጥ በርትቶ ይመጣባቸዋል፤ ያንቀላፋሉ፣ ያቅለሸልሻቸዋል፣ አተነፋፈሳቸውም ሊዳከም ይችላል። በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን መካከል 29 በመቶ የሚሆኑት የኢንዛይሙን ዘረመል ከመደበኛው በበለጠ ቁጥር የተሸከሙ ነበሩ፤ ይህ በሰሜን አውሮፓ ሕዝቦች ዘንድ ከሚታየው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ «ትራማዶል አይስማማኝም» የሚል ኢትዮጵያዊ ታካሚ ቢኖር፣ በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ፣ ሐኪሙ ቃሉን ቁም ነገር አድርጎ ሊይዘው የሚገባበት ሳይንሳዊ ምክንያት አለ። ሞርፊን በዚህ ኢንዛይም ላይ አይመካም።

ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደግሞ የሞርፊንን ተረፈ ምርት ከሰውነቱ በሚገባ ማስወገድ አይችልም። ተረፈ ምርቱ ሲጠራቀም ጡንቻው በድንገት ይንቀጠቀጣል፣ ሐሳቡ ይዘባርቃል፣ የሌለ ነገር ይታየዋል። በአንዳንድ ሰዎች ላይም ከፍተኛ መጠን ሕመሙን ከማብረድ ይልቅ ሰውነትን ለሕመም ይበልጥ ስሱ ያደርገዋል። በእነዚህ ሁኔታዎች መጠኑን መጨመር ነገሩን ያባብሰዋል፤ መፍትሔው መጠኑን ማስተካከል ወይም ወደ ሌላ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ወደ ፌንታኒል፣ መዛወር ነው። ብዙዎች በሆስፒታል የሚያውቁት የፔቲዲን መርፌ ለረጅም ጊዜ ሕመም አይመከርም፤ የሚሠራበት ጊዜ አጭር ሲሆን ተረፈ ምርቱ ሲከማች የሚጥል ሕመም ሊያስነሣ ይችላል።

የሞርፊን ፍርሃት

በጥንቃቄ የታዘዘ መድኃኒት ብልቃጡ ውስጥ ሳይነካ የሚቀርበት ትልቁ ምክንያት ፍርሃት ነው። ሞርፊን የመጨረሻው መድኃኒት፣ የሞት ምልክት፣ የሱስ በር ተደርጎ ይታያል። በሰዓቱና በትክክለኛው መጠን ሲሰጥ ሞርፊን ዕድሜ አያሳጥርም፤ ሕመሙ የታገሠለት ሰው ይተኛል፣ ይበላል፣ ከሰው ጋር ይጫወታል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ሰውነት ይለምደዋል፤ በድንገት ሲቋረጥ ላብ፣ ቁርጠትና እረፍት ማጣት ያመጣል፤ ስለዚህ በሐኪም ምክር ቀስ እያለ ይቀነሳል እንጂ በአንድ ቀን አይቆምም። ሱስ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጉዳቱ እየታየም መድኃኒቱን ለስሜቱ ሲሉ መፈለግ ነው። ቀድሞ የሱስ ችግር ያለበት ሰው ለሐኪሙ ቢናገር ሕክምናው ይበልጥ በክትትል ይደረጋል እንጂ አይነፈግም።

ሞርፊን የሚያመጣቸው ችግሮች እውነተኛ ናቸው፤ አብዛኞቹም መፍትሔ አላቸው። ማቅለሽለሽና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይታያሉ፤ ከዚያ በኋላ ለአብዛኛው ሰው ይቀንሳሉ። የሆድ ድርቀት ግን መድኃኒቱ እስካለ ድረስ አብሮ ስለሚኖር ሆድ የሚያለሰልስ መድኃኒት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሮ መታዘዝ አለበት። ድርቀቱ ካልታከመ እሱ ራሱ ሌላ የሆድ ሕመም ይፈጥራል፤ ሕመምተኛውም ማስታገሻው ያሳመመው መስሎት ይተወዋል። በሽታው ከሕመምተኛው በሚደበቅበት ቤት ደግሞ የሚወስደው ምን እንደሆነ፣ ለምን በሰዓቱ መውሰድ እንዳለበት ስለማይነገረው አወሳሰዱ ይበላሻል።

እምነትም በዚህ ላይ ይነሣል። ወደ ጠበል የሄዱ ሕመምተኞች መድኃኒት የሚያቆሙበት ጊዜ አለ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ነበር፤ ያው አስተሳሰብ ለማስታገሻም ይሠራል። በኦርቶዶክስም በእስልምናም ሕመምተኛ ከጾም ግዴታ ነፃ የሚሆንበት ሥርዓት ስላለ፣ በጾም ወቅት መድኃኒት ከመዝለል በፊት ንስሐ አባትን ወይም ኢማምን ማማከር ይበጃል።

ሐኪሙ ማወቅ ያለበት

ብዙ ሕመምተኞች ሐኪም ፊት ሲቀርቡ «እንዴት ነዎት?» ሲባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። ይህ ምስጋናና ጨዋነት ነው፤ በካርዱ ላይ ግን ሕመም እንደሌለ ሆኖ ይጻፋል። ጥያቄው ሰላምታ ሳይሆን ምርመራ መሆኑን አውቆ መመለስ ያስፈልጋል። የሕመሙ ኃይል ከ0 እስከ 10 በቁጥር ይነገራል፤ ቁጥር ለሚያስቸግረው ሰው የተጨበጠ እጅ ምንም ሕመም የለም፣ አምስት ጣት እጅግ የከፋ ነው በሚል መለኪያ መጠቀም ይቻላል። ለሕፃናት የፊት ገጽታ ሥዕሎች አሉ። መናገር በማይችል ሰው ላይ የፊት መጨማደድ፣ ማቃሰት፣ ሲገላበጥ መጨነቅና እጅን ከአንድ ቦታ አለማንሣት ይታያል።

አስታማሚው ለሁለት ለሦስት ቀን በደብተር ቢመዘግብ የቀጠሮው ሰዓት አይባክንም። የሚመዘገበውም መድኃኒቱ የተወሰደበት ሰዓትና መጠን፣ ከመውሰዱ በፊትና ከአንድ ሰዓት በኋላ ያለው ቁጥር፣ ሕመሙ የት እንዳለና ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚያብሰው፣ እንቅልፉና ዓይነ ምድሩ ነው። ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የተገዛ ክኒንና የባህል መድኃኒትም ሳይደበቅ ይነገራል። ፓራሲታሞል በተለያየ የንግድ ስም ስለሚሸጥ ሳይታወቅ በእጥፍ ሊወሰድ ይችላል፤ ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም ማለፍ ጉበትን ይጎዳል፤ ለከሲታ ወይም የጉበት ችግር ላለበት ሰው ገደቡ ከዚያም ያንሳል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ሲበዙ ጨጓራን ያደማሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ።

ርዳታው የሚገኝበት መንገድ

የመጀመሪያው በር መድኃኒቱን ያዘዘው ሐኪም ወይም የዋርዱ ነርስ ነው። «አልተሻለውም» ከማለት ይልቅ «ይህን መጠን በዚህ ሰዓት ይወስዳል፣ ለሁለት ሰዓት ብቻ ይታገሥለታል» ማለት ውሳኔ ያስቀይራል። ለውጥ ከተደረገ በኋላ መቼ ተመልሶ እንደሚታይ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የከፋ ሕመም ያለበት ሰው ለወር ቀጠሮ አይተውም። በጤና ጣቢያ ወይም በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል መፍትሔ ካልተገኘ የሪፈር ወረቀት ይጠየቃል፤ በሆስፒታሎች መካከል ያለውን ዝውውር የሚያስተባብረው የሊያዞን ክፍል ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያለው ሰው የሪፈር ቅደም ተከተሉን ቢጠብቅ ወጪው ይሸፈንለታል።

ቀጣዩ ፓሊየቲቭ ኬር የሚባለው ሕክምና ነው። ይህ ሕክምና በሽታውን ከሚያክመው ክፍል ጎን ለጎን ሕመምን፣ ማስመለስን፣ የትንፋሽ እጥረትን፣ ጭንቀትን አብሮ የሚይዝ ነው፤ የሚጀመረውም ሕክምና ሲያልቅ ሳይሆን ሥቃይ ሲኖር ነው። መሠረቱን ከጣሉት መካከል እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሲስሊ ሳንደርስ አንዷ ናቸው፤ በ1967 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን ሲከፍቱ ሕመም የአካል ብቻ ሳይሆን የአእምሮ፣ የማኅበራዊ ኑሮና የመንፈስ ድምር መሆኑን አስተማሩ። ለልጆቹ የሚተወው ዕዳ የሚያስጨንቀው አባት ሞርፊን እየተጨመረለትም ላይታገሠው ይችላል፤ ጭንቀቱ ሰሚ ሲያገኝ ግን ያው መጠን ሊበቃው ይችላል። በአዲስ አበባ በ2003 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ሕመምተኞችን በቤታቸው እየሄደ ይረዳል። የካንሰር ሕክምና በሚሰጡ ትልልቅ ሆስፒታሎችም ስለ ፓሊየቲቭ ኬር በስሙ ጠርቶ መጠየቅ ይቻላል።

ሞርፊን በኢትዮጵያ በልዩ ማዘዣ የሚሰጥ፣ ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው። በስልክ አይታዘዝም፤ በሁሉም መድኃኒት ቤትም አይገኝም። ስለዚህ ብልቃጡ ሳያልቅ፣ በተለይ ከዓርብና ከበዓላት በፊት፣ ማዘዣ ማሳደስ የግድ ነው። የአቅርቦቱ ጉድለት የአንድ አገር ብቻ አይደለም። በላንሴት መጽሔት ሥር የተቋቋመ ኮሚሽን በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከሚሰራጨው፣ በሞርፊን ልክ ከሚሰላው 298.5 ሜትሪክ ቶን የሞርፊንና የመሰሎቹ ማስታገሻ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ መሆኑን አሳይቷል። መንገድ መኖሩን ግን ዩጋንዳ አሳይታለች። እዚያ ሞርፊን ከዱቄት በውኃ ተበጥብጦ በርካሽ ይዘጋጃል፤ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ልዩ ሥልጠና ያላቸው ነርሶች እንዲያዙት ተፈቅዷል።

ከክኒን ባሻገር

መድኃኒት ተስተካክሎም ሕመሙ ከቀጠለ ሌሎች መንገዶች አሉ። ወደ አጥንት የተዛመተ ካንሰር ሲያሳምም አጭር የጨረር ሕክምና፣ ብዙ ጊዜ አንድ ቀን ብቻ የሚሰጥ፣ ሕመሙን በእጅጉ ሊቀንሰው ይችላል፤ እፎይታው የሚመጣው ግን ከቀናት እስከ ሳምንታት ቆይቶ ነው። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛ የነበረው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጨረር ማዕከል አሁን እንደ ጅማና ሐረር ባሉ ከተሞች አጋር አግኝቷል። ከጣፊያ አጠገብ ያለው ቆሽት በካንሰር ሲያዝ ሕመሙን የሚያስተላልፈውን የነርቭ መረብ በመርፌ ማደንዘዝ ይቻላል። የተሰበረ ወይም ሊሰበር የደረሰ አጥንት በቀዶ ሕክምና ይደገፋል። የማደንዘዣ ባለሙያዎች በጀርባ በኩል በሚገባ ቀጭን ቱቦ ማስታገሻ መስጠት ይችላሉ። ሙቅ ጨርቅ፣ አቀማመጥን ማስተካከልና ቀስ ያለ ማሸት መድኃኒትን አይተኩም፤ ያግዛሉ ግን።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ምልክቶች

አዲስ የጀርባ ሕመም ከእግር መዛል፣ ከመደንዘዝ ወይም ሽንትን ካለመቆጣጠር ጋር ከመጣ ዕጢ ሕብለ ሰረሰርን እየተጫነ ሊሆን ይችላል፤ በሰዓታት ውስጥ ካልታከመ ሽባ ሊያደርግ ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። ሆድ ተነፍቶ ጋዝ አለማለፍና ደጋግሞ ማስመለስ፣ ሽንት መዘጋት፣ በእንቅስቃሴ መሐል በድንገት የሚመጣ ከባድ የአጥንት ሕመም፣ ትኩሳት ያለው አዲስ ሕመምና ጠዋት ጠዋት ከማስመለስ ጋር የሚመጣ ራስ ምታትም ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱ ናቸው። ሞርፊን የሚወስድ ሰው ሲጠሩት የማይነቃ፣ ትንፋሹ እጅግ የዘገየና የዓይኑ ብሌን የጠበበ ከሆነ መጠኑ በዝቶበት ሊሆን ስለሚችል ቀጣዩ መጠን አይሰጠውም፤ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። እዚያ ናሎክሶን የሚባል ማርከሻ አለ።

በውጭ አገር ላሉ

በአሜሪካ ፓሊየቲቭ ኬርና ሆስፒስ የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው በማንኛውም የበሽታ ደረጃ ከመደበኛው ሕክምና ጋር ይሰጣል፤ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ለሆስፒስ የሚከፍለው ግን ሐኪሞች በሽታው በተለመደው አካሄዱ ከሄደ የሕመምተኛው ቀሪ ዕድሜ ስድስት ወር ወይም ከዚያ በታች እንደሆነ ሲያረጋግጡ ነው። ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ብቁ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። የሕመምን ልክ በልጅ ወይም በጎረቤት አፍ ከማስተርጎም ይህን መጠየቅ ይሻላል። በእስራኤል በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ በሕይወቱ መጨረሻ ላይ ላለ ሕመምተኛ ሕመምንና ሥቃይን የማስታገስ ግዴታ በሐኪሞች ላይ ይጥላል። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚጓዝ ወይም ከሕክምና የሚመለስ ሰው ግን መጠንቀቅ አለበት፤ ለምሳሌ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ትራማዶልን ጨምሮ ቁጥጥር የሚደረግባቸውን መድኃኒቶች ለማስገባት ቅድመ ፈቃድና የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል።

የመጨረሻዎቹ ቀናት

ሕመምተኛው መዋጥ ሲያቅተው ማስታገሻ አይቋረጥም፤ መስጫው ይለወጣል። ከቆዳ ሥር በሚገባ ትንሽ መርፌ መስጠት ይቻላል፤ ቤት ውስጥ ላለ ሰው ጥቂት የተጠናከረ ፈሳሽ ሞርፊን በጉንጭ ውስጥ እየተንጠባጠበ ሊሰጥ ይችላል። በዚህ ወቅት የሚሰማው የጉሮሮ ሲርሲርታ አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰብን እንጂ ራሱን ስቶ የተኛውን ሰው አያሠቃየውም፤ የፊቱ ገጽታ ግን መታየቱን ይቀጥላል። ሁሉም መንገድ ተሞክሮ ሥቃዩ ካልተገታ፣ በባለሙያዎች ክትትልና በሕመምተኛው ወይም በቤተሰቡ ስምምነት ንቃቱን የሚቀንስ መድኃኒት ይሰጣል። ዓላማው ሥቃዩን ማስቆም ብቻ ስለሆነ መጠኑ የሚወሰነው ያንን ለማድረግ በሚበቃው ልክ ነው። እዚህ ደረጃ ላይ የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው፤ ከዚያ በፊት ያሉት እርምጃዎች በቅደም ተከተል ከተሞከሩ የብዙው ሰው ሕመም የሚታገሥ ነው።